ፊቱ ላይ የጣለችው ቃል

ሲያትል አጠገብ ባለችው ሲታክ ከተማ ውስጥ፣ አውሮፕላኖች የቤቱን ጣሪያ ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው በሚያልፉበት ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናትና አንዲት ልጅ ይኖሩ ነበር። እናቲቱ ሥራዬ ትባላለች። ከኤርፖርቱ ፊት ለፊት ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳለች። ልጅቷ ሩሐማ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነርስ ለመሆን ኮሌጅ ትማራለች፤ ከዕድሜዋ በላይ ዝምተኛ ናት። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአራት ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። ከአራቱ አንዱ መቃብር ውስጥ ነው። አንዱ ደግሞ በሕይወት እያለ የተቀበረ ያህል ነው። የቤቱ አባወራ ዘመድኩን ከአንኮሬጅም ወዲያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት፣ ባሕርና ነፋስ ብቻ በሚሰማበት አንድ የአላስካ ደሴት ላይ፣ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀመጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የቤት ኪራዩ አንድም ወር አልጎደለም። የጎደለው ሰውየው ነበር። ለሞተ ይለቀስለታል፤ መንገድ የሄደም ይጠበቃል። በገዛ አፍ የተባረረ ሰው ግን ምን ይደረጋል?

ነገሩ የጀመረው በረዶ በጣለበት በአንድ የየካቲት ቅዳሜ ነው። ሲያትል ዝናብ እንጂ በረዶ እምብዛም አታውቅም፤ ሲጥልባት ግን ዳገትና ቁልቁለቷ ሁሉ መስታወት ይሆናል። ያኔ ዘመድኩን ተጓዦች የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳ ነበር። ሮቢ እያሉ የሚጠሩት ትንሹ ልጃቸው ሮቤል ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት በመስኮት ያን ነጭ ነገር ሲያይ ቁርሱን ረስቶ፣ መናፈሻው ዳገት ላይ ወስደኸኝ ካልተንሸራተትኩ ብሎ የአባቱ እግር ላይ ተጠመጠመ። ሥራዬ መንገዱ ደህና እንዳልሆነ ተናገረች፤ ትንሽ ይሙቅና ከሰዓት ትሄዳላችሁ አለች። ሩሐማን ጉንፋን ስለያዛት ሥራዬ ከቤት መውጣት አልቻለችም። ዘመድኩን ግን ሳቅ ብሎ፣ መንዳት እንጀራዬ ነው፣ ለምሳ እንደርሳለን ብሏት ልጁን ይዞ ወጣ። ለምሳ አልደረሱም። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ፍሬን አልይዝ አለ፤ ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ምሰሶው ያገኘው በልጁ በኩል ነበር። ዘመድኩን ግንባሩ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ ይዞ ወጣ። ምነው እሱን ባገኘው! ይህን ከራሱ ከዘመድኩን በላይ የተመኘ ሰው አልነበረም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ቆመው እያለቀሱ ነበር። ሥራዬ በመሐላቸው አልፋ ወደ ባሏ ቀረበችና ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ያየ ሁሉ ልታቅፈው መስሎት ነበር።

"ልጄን የገደልከው አንተ ነህ" አለችው፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። "ይኼን ፊት ሁለተኛ እንዳላየው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያ ቃል ከወጣበት አፍ ሊመለስ አልቻለም፤ የወደቀበትም ሰው ከፊቱ ሊጠርገው አልደፈረም። ዘመድኩን ልጁን ቀበረ። ለቅሶው እስኪያበቃ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ማለዳ ለዓሣ ፋብሪካ ሰው ከሚቀጥሩ ሰዎች ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። ልጁን በረዶ ላይ ያጣ ሰው በረዶ ወደማይለቀው አገር ይሄዳል? ቅጣት ፍለጋ ነበር? ወይስ ፊቱን ማንም የማያውቅበት ቦታ ፍለጋ?... ሥራዬ ስትነሳ ቦታው ባዶ ነበር። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። እሱም ትጠራኛለች ብሎ ጠበቀ። ኩራት አልነበረም፤ እሷ አፍራ፣ እሱ ፈርቶ ነው። እንዲህ እየተጠባበቁ ዕድሜያቸው አለፈ።

ሁለቱን የምታገናኝ ሩሐማ ብቻ ነበረች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷን ኮል ታደርጋለች። ኔትወርክ ካለ ያወራሉ፤ የሚያወራት ስለዚያ አገር ነው። በብርድ ወራት ፀሐይ የምትወጣው ሰው የጠዋት ሥራውን ካጋመሰ በኋላ እንደሆነ፣ ወጥታም እንደ ታመመ ሰው ትንሽ ቀና ብላ መልሳ እንደምትተኛ ይነግራታል። ንስሮች እዚያ እንደ እርግብ ተራ እንደሆኑ፣ የቆሻሻ ገንዳ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን እንደሚያዩ ይነግራታል። የመኪና በር በሁለት እጅ ካልተያዘ ነፋሱ ገንጥሎት እንደሚሄድ፤ የዓሣ ጀልባዎቹ በረዶ ለብሰው ሲገቡ ሰዎቹ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ እንደሚያራግፉላቸው፣ ካልተራገፈ ክብደቱ ጀልባውን እንደሚገለብጠው ይነግራታል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዓሣ ሲያጸዳ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ሕመሙ የሚጀምረው ሲሞቃቸው ነው። ኡርጌሳ ከሚባል ወንደላጤ ጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ ኡርጌሳ አብረዋቸው ከሚሠሩት ፊሊፒኖች የተማረውን የሩዝ አሠራር በሚጥሚጣ እያበላሸ ያበላዋል። ሩሐማ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። ስለ ሮቢ ግን አያነሳም። ስለ ሥራዬም አይጠይቅም፤ "ቤቱ ደህና ነው?" ይላል እንጂ። ሥራዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወጥ ቤት ቆማ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። የስፒከሩ ድምፅ እስኪቋረጥ ከዚያ አትነቃነቅም።

ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ የሥራዬ እግር ማበጥ ጀመረ። ሥራ ያመጣው ነው ብላ ናቀችው። ቀጥሎ የሆቴሉን ኮሪደር ጋሪዋን እየገፋች መጨረስ አቃታት። ከዚያ ጋደም ስትል ያፍናት ጀመር፤ ትራስ ደራርባ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ማደር ሆነ። ሐኪሞቹ የልብ ድካም ነው አሉ። መድኃኒት ጀመረች፤ ጨው ተከለከለች፤ ሥራም ቀረ። ብርዱ ሲጠና ሆስፒታል ገብታ ወጣች፤ መልሳ ገባች። ሐኪሟ ሩሐማን ለብቻዋ ጠርታ የእናቷ ልብ ብዙም የሚገፋ እንዳልሆነ ነገረቻት። ሩሐማ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ፊቷን አስተካክላ፣ ፈገግታ ይዛ ነው የገባችው። ግን ያረገዘች፣ ያጠባች እናት የልጇን የውሸት ፈገግታ አታውቀውም?

"ለአባዬ ልንገረው" አለች ሩሐማ።

"እንዳትነግሪው።"

"ማሚ፣ ቢሰማ ይመጣል እኮ።"

"ይመጣል። አዝኖልኝ ይመጣል። ያን ጊዜ የምለውን ሁሉ ሞት አናገራት ነው የሚለው።"

ያም ሆኖ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሩሐማ ቁጥሩን እንደመታች፣ ሥራዬ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች። "ሩሒ?" አለ ከዚያ ማዶ። ያ ድምፅ በጆሮዋ ቀጥታ ሲገባ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። "ሩሒ፣ አይሰማሽም እንዴ? ነፋስ ነው መሰለኝ..." ሥራዬ ስልኩን ለልጇ መልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጥሪው ካለቀ በኋላ፣ "ይኼ በስልክ የሚባል አይደለም" አለች። "ፊቱ ላይ ነው የጣልኩት፤ ከፊቱ ላይ ነው የማነሳው። እዚያ ውሰጂኝ።"

ሩሐማ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ተቆጣች፤ ስትቆጣ እንደልማዷ በእንግሊዝኛ ነበር። ከሐኪሟ ርቃ መሄድ እንደሌለባት፣ እዚያ ደሴት ላይ ከአንዲት ትንሽ ክሊኒክ በቀር ምንም እንደሌለ፣ አየሩ ሲበላሽ ሰው ለብዙ ቀን እንደሚታገት አባቷ ራሱ እንደነገራት አስረዳች። ሥራዬ ሁሉንም ሰምታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ገንዘብ የምትባለው የሥራዬ ታላቅ እህት ወሬውን ሰምታ ከሲያትል ወዲያ ካለችው ከማውንትሌክ ቴራስ እየሮጠች መጣች። ገንዘብ የሰው ፊት የማትፈራ፣ ያሰበችውን የማትውጥ ሴት ናት። ደረጃ መውጣት ያቃተው ልብ አላስካ ያደርስሻል ወይ ብላ እህቷን ገሠጸቻት፤ ሩሐማንም ይህን ነገር ከፈቀድሽ ነርስ ነኝ እንዳትይ አለቻት። ከሐኪሟም የተሰማው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሂዱ ያለች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ከታች ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታቸው ቢልቂስ። ቢልቂስ ባሏን የቀበረችው ተኳርፈው ሳሉ ነው።

"በሕይወት እያለ ያልተባለ ነገር የሚበላው የቀረውን ሰው ነው" አለቻት ሩሐማን፣ ሾርባ ይዛ የመጣች ቀን። "እኔን እዪኝ። ውሰጃት። ኤርፖርት እኔ አደርሳችኋለሁ።"

ሩሐማ ለሁለት ተከፈለች። ነርስነቷ አይሆንም ይላል፤ ልጅነቷ እናቷ እየሞተች ስትለምናት አይቻልም ማለት አልቻለም። በመጨረሻ ከአባቷ ተደብቃ ኡርጌሳን ኮል አደረገች። ኡርጌሳ ሰምቶ በኦሮምኛ ቅላጼው ረጋ ብሎ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አየሩ ይከፈታል ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ትልቅ ወጀብ አለ፣ ከመጣችሁ አሁኑኑ ኑ አላት።

አንኮሬጅ ላይ ደመናው እስኪገለጥ ተጠባበቁ፤ ከዚያ ትንሿ አውሮፕላን ላይ ወጡ። ከደመናው ሥር ስትወጣ በአንድ ወገን ጥቁር ባሕር፣ በሌላው ወገን ነጭ ተራራ ሆነ፤ ነፋሱ አውሮፕላኗን እንደ ደረቅ ቅጠል ያንገላታት ጀመር። ሥራዬ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር። ከንፈሯ እየጠቆረ ነበር። ሩሐማ ያንን ከንፈር እያየች የተማረችው ትምህርት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት፤ አንዱም እዚያ ሰማይ ላይ የሚጠቅም አልነበረም። ምን አደረግኩ? እናቴን ወዴት ነው ያመጣኋት?... ጎማው መሬት ሲነካ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድነት ተነፈሰ። ሥራዬ ዓይኗን ገልጣ፣ "ደረስን?" አለች። እንደ ሕፃን ነበር የጠየቀችው።

ኡርጌሳ በፋብሪካው መኪና ሊቀበላቸው ቆሞ ነበር። ሥራዬን ሲያይ እንዲህ ተጎድታ እንዳልጠበቃት ፊቱ ነገረበት፤ ጎንበስ ብሎ "እትዬ ሥራዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አላት እንጂ ሌላ አልተናገረም። ዘመድኩን ሥራ ላይ መሆኑንና ምንም እንዳልሰማ ነገራቸው። ከፋብሪካው መግቢያ፣ የሠራተኞቹ የፕላስቲክ ቱታ ከነውሃው በተሰቀለበት፣ ዓሣና ክሎሪን በሚሸትበት ኮሪደር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጧቸው ወደ ውስጥ ገባ።

ዘመድኩን ሲጠራ ሩሐማ ላይ አንድ ነገር ደረሰ ብሎ ነው የሮጠው። ብርቱካንማ ቱታው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ በሩን ገፍቶ ወጣና ባለበት ደረቀ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጣቶቹ ቀጥ ብለው አይዘረጉም። መጀመሪያ ልጁን አየ። ቀጥሎ አጠገቧ የተቀመጠችውን፣ ያበጠችውን፣ የጠቆረችውን፣ በቱቦ የምትተነፍሰውን ሴት አየና አወቃት። ወዲያው እጁን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

ይህን ያደረገው ሊያለቅስ አልነበረም። ይኼን ፊት ሁለተኛ እንዳላየው ተብሏላ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ቃል እንደ ሕግ ጠብቆታል፤ አሁንም ሊጠብቀው ነው።

ሥራዬ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ሩሐማ ልትይዛት ስትል በእጇ ከለከለቻት። እግሯን እየጎተተች ደረሰችና ያን ቀዝቃዛ፣ እርጥብ እጅ ከፊቱ ላይ አወረደችው።

"አሳየኝ" አለችው። "ለእሱ ነው የመጣሁት።"

"ሥራዬ፣ አትሂድ ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬህ ነበር። ስንት ቀን አትሂድ ብዬህ ሄደህ በደህና ተመልሰሃል?" ትንፋሽ ለመሳብ ቆመች። "አንተ አልገደልከውም። ያኔም አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ነው ያልኩት። የምጮህበት አጣሁ። እግዚአብሔር ላይ መጮህ ፈራሁ፤ አንተ ቅርብ ነበርክ።"

ዘመድኩን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠ። እሷም ከፊቱ ቁጭ አለች። የሺፍት መውጫ ሰዓት ነበርና ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች ኮሪደሩን ሞልተው ሲመጡ፣ እነዚህን ሁለት ሰዎች ወለል ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አዩአቸው። ማንም ምንድን ነው አላለም። ሁሉም ግድግዳውን ታኮ፣ እርምጃውን አሳጥሮ አለፈ።

ያን ዕለት ወጀቡ ገባ። ሥራዬን ሳይመሽ እንደገና አፈናት፤ ወደ መንደሩ ክሊኒክ ወሰዷት። ክሊኒኩን የምታስተዳድረው ነርስ እንዳየቻት አንኮሬጅ ደውላ የሕመምተኛ አውሮፕላን ጠየቀች። መልሱ አየሩ ሲከፈት የሚል ነበር። አየሩ ግን አልተከፈተም። ነፋሱ የክሊኒኩን ግድግዳ እንደ ሰው ይደበድበዋል፤ በረዶው ከላይ ወደ ታች መውረዱን ትቶ በጎን ይበራል፤ ከበር እስከ መኪና ለመድረስ ገመድ መያዝ ያስፈልጋል። ፋብሪካውም ሥራ አቆመ። ፊሊፒኖቹ ሴቶች ያለ ጨው የተሠራ ትኩስ ሾርባ እየላኩ፣ ኡርጌሳ ብርድ ልብስ እየተሸከመ፣ የመንደሩ ሰዎች የማሞቂያ ነዳጅ እያመጡ ያቺን ከሩቅ የመጣች ሴት እንደ ራሳቸው ሰው አስታመሟት። ዘመድኩን ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሳም።

ሁለተኛው ቀን ላይ መድኃኒቱ ትንሽ ሲያሽላት ሥራዬ ወደ እሱ ዞረች።

"ሮቢ ምን ይል ነበር?" አለችው። "እዚያ ዳገት ላይ... መኪናው ውስጥ። ያንን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። አንተን ሳባርርህ እሱንም ይዘህብኝ ሄድክ።"

ሩሐማ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ይህን ታሪክ እሷም ሰምታው አታውቅም። ዘመድኩን መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። ሱሪው እስኪርስ ድረስ እንደተንሸራተተ፣ በወደቀ ቁጥር እንደሚስቅ፣ ሌሎቹን ልጆች ገፍቶ ሳይሆን ተራውን ጠብቆ እንደወጣ ነገራት። ሲደክመው በረዶ በሁለት እጁ አድቦልቡሎ፣ ማሚ አላየችም፣ ይዤላት ልሂድ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መኪና ውስጥ እንደገባ ነገራት። መንገዱን ሙሉ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ይዘምር ነበር። እዚህ ላይ ሲደርስ ዘመድኩን ቆመ። ሥራዬ እጁን ጨበጠችው።

"በመስታወቱ ሳየው እየቀለጠበት ነበር" አለ። "'አባዬ ቶሎ ንዳ፣ ሊያልቅ ነው' አለኝ። ቶሎ አልነዳሁም፣ ሥራዬ። በጌታ ስም ቶሎ አልነዳሁም።"

"አውቃለሁ" አለች። "አውቃለሁ፣ ዘሜ።"

ሦስቱም አለቀሱ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ለሮቢ አብረው ያለቀሱለት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ነበር የሚያለቅሰው። ካለቀሱ በኋላ ደግሞ አንድ የማይጠበቅ ነገር ሆነ። ሥራዬ ስለ ልጁ ሌላ ሌላ ነገር ታነሳ ጀመር፤ የአስተማሪውን ጫማ ስለደበቀበት ቀን፣ ሠርግ ላይ ኬኩን በጣቱ ስለወጋበት ቀን። ዘመድኩን የረሳችውን ይጨምርላታል። ሥራዬ ሳቀች። ሩሐማ እናቷና አባቷ አብረው ሲስቁ የሰማችበትን ጊዜ ብታስብ፣ ልታስታውስ አልቻለችም።

ግን ልብ ሳቅ አያድነውም። በማግስቱ እግሯ እንደገና ተነፋ፣ ሽንቷም ቀነሰ፤ ነርሷ ከስልኩ አልለይ አለች። ነፋሱ ትንሽ ጋብ ሲል አውሮፕላኑ ከአንኮሬጅ ተነሳ ተባለ። ኡርጌሳ መኪናውን አሙቆ በሩ ላይ አቆመ፤ ዘመድኩን ሥራዬን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎ ተቀመጠ። ሁሉም ጆሮውን ወደ ሰማይ ሰጠ። መጣ! የሞተሩ ድምፅ ከደመናው በላይ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሩሐማ የእናቷን ጫማ አሠረች። ድምፁ ዞረ፤ ተራራውን ዞሮ ተመለሰ፤ ዝቅ ያለ መሰለ። ነርሷ በመስኮት ታያለች፤ ከመስኮቱ ውጭ ግን ነጭ ግድግዳ እንጂ ምንም አልነበረም። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ደግሞ ዞረ። ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ... ጠፋ። የሩሐማ እጅ የጫማው ማሰሪያ ላይ እንደቀረ ነበር። "ፍቺው የኔ ልጅ" አለቻት ሥራዬ። "እግሬን አሞኛል።"

ሩሐማ ጫማውን አውልቃ እግሯን አቅፋ ቀረች። ሥራዬ ጸጉሯን እየዳሰሰች፣ ቀስ እያለች፣ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ፣ ከወለድኩሽ ቀን ጀምሮ እንደዚህ ያለ ነገር ያደረገልኝ የለም፣ ጌታ ይባርክሽ አለቻት። ሩሐማ ቃሉን ሰማችው እንጂ በዚያ ሰዓት አልገባትም። ሲነጋጋ፣ ፀሐይ ገና ተራራው ጀርባ ሳለች፣ ሥራዬ ዘመድኩንን ውሃ አጠጣኝ አለችው። ካጠጣት በኋላ እጇን እጁ ውስጥ አስገባች። "እጅህ ይሞቃል" አለችው። ጠበቅ አድርጎ ያዛት። ወዲያው ትንፋሿ ረዘመ፤ ረዘመና ቆመ። ነርሷ መጥታ ዳሰሰቻት። ደረቷን ልትጫን ስትል ሩሐማ እናቴን አታስጨንቋት ብላ ከለከለቻት፤ ዘመድኩን እጇን አልለቅም ብሎ ብዙ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጸጥ አለ። ሰማዩ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ሰማይ አልታየም ይላል ኡርጌሳ። አውሮፕላኑም መጣ። ምን ያደርጋል! ለሕያዋ የከበደ መንገድ ለሬሳዋ ተዘረጋላት። ያ ወጀብ ባይኖር ሥራዬ በመጣችበት ቀን ወደ ሆስፒታል ትመለስ ነበር፤ ምናልባት ጥቂት ወር ትኖር ነበር። ያ ወጀብ ባይኖር ደግሞ እነዚያ ቀኖች አይኖሩም ነበር። የሰጠውም የነሳውም ያው አንድ ነፋስ ነው። ታዲያ ሰው ምኑን ያመስግን? ምኑንስ ይርገም?

ሲታክ ላይ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። የቤተ ክርስቲያን ሰው መዘመር ሲጀምር ያለቅሳል፤ ቢልቂስ ማዕድ ቤቱን ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዘመድኩን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሩሐማ ግን እንባ አልወጣላትም፤ እንደ እንጨት ደርቃ ተቀምጣለች። ገንዘብ እህቷን ቀብራ ከተመለሰችበት ሰዓት አንስቶ ልቧ እየነደደ ነበር፤ በመጨረሻ በለቀስተኛው ፊት ወደ ሩሐማ ዞረች። ሐኪም እያላት ከሐኪም ለየሻት፣ በረዶ ላይ ወስደሽ ጣልሻት፣ አሁን ምን ብለሽ ልትኖሪ ነው አለቻት። ሩሐማ ፊቷን ዝቅ አደረገች፤ እጇ ወደ ፊቷ ሲሄድ ዘመድኩን አየው። ያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ፊት ራሱን ያልተከላከለው ሰው ተነሳ።

"እትዬ ገንዘብ፣ ይቅር" አለ። "ሐዘንዎን አውቃለሁ፤ የሚጮሁበት ሰው ከፈለጉ እኔ አለሁ። ልጄ ላይ ግን አይሆንም። እንዲህ ያለውን ቃል እኔ ተሸክሜዋለሁ፤ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሥራዬ በራሷ ፈቃድ ነው የመጣችው። ስቃ፣ ተናግራ፣ ሩሐማን መርቃ ነው የሞተችው።"

ገንዘብ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። እየተደነቃቀፈች ሄዳ የእህቷን ልጅ አቀፈቻት። ሩሐማ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እናቷ የመረቀቻት ምርቃት ያን ጊዜ ነው የገባት። ማሚ፣ ማሚ እያለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ እስኪደክማት አለቀሰች።

ዘመድኩን ወደ ሰሜን አልተመለሰም። ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ግን አባትና ልጅ እንደማይተዋወቁ አወቁ። ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ አያውቅም ነበር፤ በየጠዋቱ እያጣፈጠ አቀረበላት፤ እሷም ላታሳፍረው ጠጣችው። እሱ ደግሞ ነፋስ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የደሴቱን ጩኸት ለምዶ መስኮት ከፍቶ ይተኛል፤ እሷ ቤቱ እየቀዘቀዘባት ዝም ትላለች። የሰው ልጅ ዕጣ አስቀድሞ የተጻፈ ነው የሚሉ አሉ። ከሆነም ጽሕፈቱን ማንም አያነብም። እናት ሞታ አባትን መለሰች፤ አባት የተመለሰው ልጅ ከአደገች በኋላ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሄደው የሁሉም ታናሽ ነበር። ይህን የሚያቃና ማን ነው? ለሰው የቀረው ነገር አፉን መጠበቅ፣ ካመለጠውም ቃሉ ከወደቀበት ፊት ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዶ ማንሳት ብቻ ነው።

ትምህርት በተከፈተ ጠዋት ሩሐማ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች። አባቷ ኩባያ እያጠበ ነበር።

"አባዬ" አለች፤ ወደ እሱ ሳትዞር። "ስመለስ ትኖራለህ?"

ዘመድኩን ውሃውን ዘጋው።

"እኖራለሁ" አላት።